ከላስቲኩ በፊት ከላስቲኩ ሥር ያለውን እዪ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ካዛንቺስ ነው የምትሠራው። አዲስ ጥቁር ኤሌክትሪክ መኪና ገዝታለች። በየሁለት ሳምንቱ ቤተሰብ ለመጠየቅ አዳማ ትወርዳለች። ቀለሙ እንዳይበላሽባት ፒፒኤፍ፣ ማለትም ቀለሙ ላይ የሚለጠፍ ጥርት ያለ መከላከያ ላስቲክ፣ ለማስለጠፍ ሦስት ቤት ጠይቃለች። አንዱ «ሙሉ ቦዲ በሁለት ቀን» አላት። ሁለተኛው «ምን ያደርግልሻል፣ ሴራሚክ ይበቃሻል» አላት። ሦስተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ ዋጋ ጠራላት። «ማንን ልመን? ደግሞስ ስሸጠው ይነሳል ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ቀጥታ ልመልስልሽ። ሙሉ ቦዲ አያስፈልግሽም። ሴራሚክ ብቻውንም አይበቃሽም። ግማሽ ዋጋ የጠራልሽ ሰውዬ ደግሞ ምናልባት ስለ ሌላ ዕቃ ነው የሚያወራው። ግን ሦስቱም ያላነሱልሽ ነገር አለ። ፊልም ከሥሩ ያገኘውን ነው አሽጎ የሚያስቀምጠው፤ ጭረት ካለ ከነጭረቱ፣ አቧራ ካለ ከነአቧራው፣ የተነካ ቀለም ካለ ከነችግሩ። ስለዚህ የላስቲኩን ስም ከመጠየቅሽ በፊት ከመለጠፉ በፊት ምን እንደሚሠራና ማን እንደሚሠራው ጠይቂ።

«ሴራሚክ ይበቃሻል» ካለሽ ልጀምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። ሴራሚክ ፈሳሽ ነው። ቀለሙ ላይ ተቀብቶ ይደርቅና ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሆናል፤ ውፍረቱ ግን ከጥቂት ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) አያልፍም። ውሃ ያንከባልላል፣ ጭቃ ቶሎ ይለቅለታል፣ ጥቁር መኪና ላይ ደግሞ ማብረቅረቁ ደስ ይላል። ጠጠር ግን አይመልስም። ከሲኖትራክ ጎማ ተፈናጥሮ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኮፈንሽ ላይ የሚያርፍ ጠጠር ሴራሚክ መኖሩንም አያውቅም።

ፒፒኤፍ ሌላ ነገር ነው። ቲፒዩ ከሚባል ተለጣጭ ፕላስቲክ የተሠራ ጥርት ያለ ፊልም ነው፤ ውፍረቱም ከ150 እስከ 200 ማይክሮን አካባቢ ነው። የፋብሪካ ቀለም ከሥሩ ካለው ፕራይመርና ከላዩ ካለው አንጸባራቂ ላክ ጋር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ፊልሙ ከቀለሙ ይወፍራል ማለት ነው። ሐሳቡም የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስሪኤም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለአሜሪካ ጦር የሠራው ነው፤ ቬትናም ላይ የሄሊኮፕተር ተሽከርካሪ ክንፎችን ከአሸዋና ከፍንጣሪ ለመከላከል። መኪና ላይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ግማሽ ዋጋው። ገበያ ላይ ፒፒኤፍ እየተባለ የሚሸጥ ሁሉ ቲፒዩ አይደለም። ፒቪሲ የሚባል ርካሽ ፕላስቲክ አለ። ቲፒኤች የሚሉትም አለ፣ እሱም በአብዛኛው የለሰለሰ ፒቪሲ ነው። የተለጠፈ ዕለት ሁሉም ያበራል፣ ባለሙያም በዓይኑ ብቻ አይለየውም። እየቆየ ነው ጉዱ የሚወጣው። ርካሹ ይደርቃል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ሲነሳም እየተቆራረጠ ሙጫውን ትቶልሽ ይሄዳል። «አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ እዚህ አይበላሽም» የሚልሽን ደግሞ አትስሚው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ባታቃጥልሽም አልትራቫዮሌት ጨረሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቲፒዩም ቢሆን አሮማቲክና አሊፋቲክ የሚባል አለው። ፀሐይ ላይ ቶሎ ቢጫ የማይሆነው አሊፋቲኩ ነው። የቱ እንደሆነ ጠይቂ። ጥያቄውን ሲሰማ ግራ የሚገባው ሰው ካጋጠመሽ ያው መልስሽን አገኘሽ።

ፈተናው ቀላል ነው። ከሚለጠፍልሽ ጥቅል ላይ ቁራጭ ስጡኝ በዪ። በእጅሽ ለጥጪው፤ ቲፒዩ ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፒቪሲው ወይ እምቢ ይላል ወይ እንደተለጠጠ ይቀራል። ከዚያ ቁራጩን አንድ ነገር ላይ አስለጥፊና በመዳብ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ አድርጊው። ጭርር ያለ ጭረት ይወጣበታል። ከሻይ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ አፍስሺበት። ጥሩ ፊልም ከሆነ ጭረቱ ዓይንሽ እያየ ይጠፋል፣ የላይኛው ሽፋኑ ሙቀት ሲያገኝ ራሱን ይመልሳል። እዚህ ላይ ግን አትታለዪ፤ የሚጠፋው የላይ የላይ ጭረት ብቻ ነው። በቁልፍ ወይ በምስማር የተሰነጠቀ ፊልም በሙቅ ውሃ አይድንም፣ ያ ቁራጭ ይቀየራል። ደግሞም ፊልም ጠጠርንና ጭረትን እንጂ ግጭትን አይመልስም። ታክሲ ጎንሽን ቢጫንሽ ቦዲው ከነፊልሙ ነው የሚጎብጠው፣ ያኔ ባቲላሜራ ነው የሚያስፈልግሽ።

ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። መኪናዬ አዲስ ነው ብለሻል። አዲስ ማለት ያልተነካ ማለት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እኛ እጅ የሚገባው በብዛት ኤሌክትሪክ ነው፤ ቢዋይዲው፣ ቮልስዋገን አይዲ 4ቱ፣ አይዲ 6ቱ። መኪናው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ አገር አቋርጦ ይመጣል፣ ጉምሩክ ይቆማል፣ የሻጩ ግቢ ውስጥ ፀሐይና አቧራ ይጠግባል። እዚያ ቆሞ ሳለ በየቀኑ አንድ ልጅ በደረቅ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ገዢ ሲመጣ እንዲያበራ። መንገድ ላይ የተጫጫረ በር ካለም በጸጥታ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ብርቅ አይደለም።

እንዴት ይታወቃል? የቀለም ውፍረት መለኪያ የምትባል፣ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ አለች። ቦዲው ላይ ትነካለች፣ ቁጥር ታወጣለች። ኮፈኑ ላይ 110 ማይክሮን፣ ጣሪያው ላይ 105፣ የቀኝ በር ላይ 115 እያለች መጥታ የግራ የኋላ በር ላይ 280 ካነበበች፣ ያ በር ተቀብቷል። ከ1,000 ካለፈች ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ ተገጭቶ የተሞላ ነው ማለት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ነክቶ መተው አይበቃም፣ እያንዳንዱ ፓኔል ላይ አምስት ስድስት ቦታ መለካት አለበት። ባምፐር ግን ፕላስቲክ ስለሆነ መለኪያዋ አታነበውም። እሱን በዓይንና በጣት ነው። ወደ መብራት አጋድለሽ ስታዪው ቀለሙ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከጎረበጠና ከጎኑ ካለው ፓራፋንጎ ከተለየ፣ ወይም የጎማው ጠርዝ ላይ የቀለም ብናኝ ካገኘሽ፣ የሆነ ነገር ተነክቷል።

ለምን ያስጨንቃል ብትዪ፣ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የፋብሪካ ቀለም በከፍተኛ ሙቀት የተጋገረ ስለሆነ ፊልም ሲነሳ አይነቃነቅም፤ ሰፈር ጋራዥ የተቀባው ግን ዝግጅቱ ደካማ ከሆነ ከፊልሙ ጋር ተልጦ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ትኩስ ቀለም ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ተንኖ መውጣት አለበት። ሳይወጣ በፊልም ካፈንሽው ከሥር ይቋጥራል። ቢያንስ አንድ ወር ጠብቆ ነው የሚለጠፈው፣ በክረምት ከዚያም በላይ። ስለዚህ «መጀመሪያ ለኩልኝና በወረቀት ጻፉልኝ» በዪ። ያ ወረቀት ነገ አንቺንም እነሱንም ከክርክር ያድናችኋል። መለኪያ የሌለው ቤት ፒፒኤፍ ባይሠራ ይሻለዋል፣ አቋሜ ይሄው ነው።

ከመለካት ቀጥሎ ጽዳት ነው። እጥበት ብቻ አይደለም። የፍሬን ብረት ብናኝ ቀለም ውስጥ ይሰካል፤ እሱን የሚያሟሟ ፈሳሽ ይረጫል፣ ወይን ጠጅ መልክ እያወጣ ይወርዳል። ከዚያ ክሌይ የሚባለው ሊጥ ነገር እየታሸ የቀረውን ቆሻሻ ያነሳል። ጣትሽን በስስ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገሽ ኮፈኑን ብትዳብሺው ልዩነቱን ታውቂዋለሽ፤ በፊት ኮርኮር ይል የነበረው ልስልስ ይላል። ከዚያ ፖሊሽ። በተለይ ያንቺ ጥቁር ስለሆነ ያ ደረቅ ጨርቅ የሠራው ክብ ክብ ጭረት በመብራት ሥር የሸረሪት ድር መስሎ ይታያል። ፊልም አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ከሥሩ ያለውን ፖሊሽ ማድረግ የለም። በመጨረሻ ቅባት እንዳይቀር በአልኮል ይጠረጋል። ይሄ በደንብ ከተሠራ ብቻውን አንድ ቀን ይፈጃል። ሙሉ ቦዲ መለጠፉ ደግሞ በጥንቃቄ ከሆነ ሦስትና ከዚያ በላይ ቀን ይፈልጋል። «ሁሉንም በሁለት ቀን» ያለሽ ቤት የትኛውን ሊዘል እንዳሰበ ጠይቂልኝ እስቲ።

(በነገራችን ላይ የወንበሩን ፕላስቲክ አንሺው። ሦስት ዓመት ሙሉ ፕላስቲክ ላይ እየተንሸራተተ የሚቀመጥ ሕዝብ ነን፣ መኪናው እኮ ተሸጦልናል!)

አሁን የት ይለጠፍ። ከካዛንቺስ አራት ኪሎ፣ ከስታዲየም ሜክሲኮ የሚመላለስ መኪናን ጠጠር አይደለም የሚያበላሸው፤ ጠጠር የሚያስወነጭፍ ፍጥነት የት አለና! መሀል ከተማ የሚያበላሸው ጨርቅ ነው፣ ከጎንሽ የቆመው መኪና በር ነው፣ መጋቢያው ጋ የሚንጠለጠለው የቻርጅ ገመድ ነው፣ ሻንጣ ሲጫን የኋላ ባምፐሩን የሚቧጭረው ነው። አዳማ ስትወርጂ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ፈጣን መንገዱ ላይ 100ና 120 እየነዳሽ ከከባድ መኪና ኋላ ስትሆኚ የፊቱ ክፍል ሁሉ ዒላማ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፊቱ ላይ የራዲያተር ፍርግርግ ስለሌለው ቀለም የተቀባው ባምፐር ሰፊ ነው።

ስለዚህ ላንቺ እንዲህ ብዬ እቆርጣለሁ። የፊት ባምፐር፣ ኮፈን፣ ሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች፣ ስፖኪዮዎቹ፣ የፊት መብራቶቹ። ኮፈኑን ሙሉውን፤ ግማሽ ኮፈን የሚሉት አለ፣ ርካሽ ነው፣ ግን መሀል ላይ የሚቀረው መስመር አቧራ ይይዝና ጥቁር መኪና ላይ ነጭ ክር ሆኖ ይቀራል፣ በየቀኑ እያየሽው ትናደጃለሽ። ከዚያ የከተማው ቦታዎች፤ የበር ጠርዞች፣ ስትወጪና ስትገቢ ጫማ የሚነካው ደፍ፣ የኋላ ባምፐር ላይኛው ጠርዝ፣ የቻርጅ መጋቢያው ዙሪያ። የበር እጀታ ከኋላው ጉድጓድ ካለው እሱም፣ ጥፍርና ቀለበት እዚያ ነው የሚጫጭረው። እነዚህ ትናንሽ ቁራጮች ናቸው፣ ከትልቁ ሥራ የሚተርፈው ፊልም ይሸፍናቸዋል። የቀረውን ቦዲ ሴራሚክ አስቀቢ። ሁለተኛው ሰውዬ ግማሹን ልክ ነበር ማለት ነው። የፓርኪንግ ሴንሰሮቹ ላይ ፊልሙ በክብ ተቆርጦ ክፍት መተው አለበት፣ ካሜራውም እንዳይሸፈን።

ቤቱን ለመምረጥ ሂጂና ቁመሽ እዪ። በስልክ አይሆንም። አስፋልት ዳር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከጎኑ ግንባታ አቧራ እያነሳ ፊልም የሚለጥፍ ቤት ካየሽ ሰላም ብለሽ ውጪ። ክፍሉ የሚዘጋ መሆን አለበት፣ ወለሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሃ ይረጭበታል፣ ሠራተኛው ክር የሚበትን ሹራብ ለብሶ አይሠራም። ውሃውንም ጠይቂ። ፊልሙ የሚለጠፈው ትንሽ የሕፃን ሻምፑ በገባበት ውሃ እየተንሸራተተ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ብዙ ቤት የሚጠቀመው ከሮቶ ነው፣ ሮቶ ደግሞ ከሥሩ ደለል አለው። ያ ደለል ከፊልምሽ ሥር ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። የተጣራ ውሃ የሚጠቀም ቤት በኩራት ያሳይሻል። መብራት ቢጠፋስ? ፊልሙ ባምፐሩ ላይ ግማሹ ተለጥጦ ሙቀት የሚነፋው ማሽን ቀጥ ቢል ችግር ነው። ጄኔሬተር አላችሁ ወይ ማለት ነውር የለውም።

ከሁሉም በላይ ምላጩን ጠይቂ። ፊልም በሁለት መንገድ ነው የሚቆረጠው። ወይ የመኪናው ልክ በኮምፒውተር ተጭኖ ፕሎተር የሚባል መቁረጫ ማሽን ይቆርጠዋል፣ ወይ ጥቅሉ ቦዲው ላይ ተዘርግቶ በእጅ ይቆረጣል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። እንዲያውም በእጅ የሚቆርጥ ጎበዝ ሠራተኛ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ ስለሚያስገባው መስመሩ አይታይም። ለአንዳንድ የቻይና ሞዴሎችም የፕሎተር ልክ ላይገኝ ይችላል። አደጋው ቀለሙ ላይ ምላጭ ሲጎተት ነው። እጅ ትንሽ ከከበደ ላኩን አልፎ ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ አይታይም፣ ፊልሙ ሲነሳ ነው በፓኔሉ ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን ቁስል ሆኖ የምታገኚው፣ ብረት ላይ ከደረሰም ዝገት ይጀምራል። ጠንቃቃው ሠራተኛ ክር ያለበት ቴፕ ከሥር አስቀድሞ ለጥፎ ክሩን በመሳብ ይቆርጣል፣ ወይ ምላጩን ቀለም በሌለበት ክፍተት ላይ ብቻ ያሳርፋል። «ቦዲው ላይ እንዴት ነው የምትቆርጡት?» በዪ። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ።

መኪናውን ስትረከቢ በቀን ብርሃን ተረከቢ፣ አምሽተሽ አትሂጂ። እዚህም እዚያም የውሃ ቋጠሮ ታያለሽ፣ ደብዘዝ ያለ ወተት መሳይ ነገርም ይኖራል። አትደንግጪ፣ በቀናት ወይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይደርቃል፤ በክረምት ብርዱ ስላለ ይዘገያል። የአየር ቋጠሮ ግን ጠርዙ ጥርት ያለ ክብ ነው፣ ስትጫኚው ቦታ ይቀይርና ተመልሶ ይመጣል፣ አይደርቅም። አቧራም አይጠፋም። በትልቅ ፓኔል ላይ አንድ ሁለት ነጥብ ብታገኚ ሰው የሠራው ሥራ ነው፣ እለፊው። ስፖኪዮውና የባምፐሩ ጥግ ላይ የተለጠጠበት መስመር ካለ፣ ወይ ጠርዙ በጥፍርሽ ብድግ የሚል ከሆነ ግን እዚያው ቆመሽ ተናገሪ። ከሳምንት በኋላ ለድጋሚ ማያ ቀጠሮ የማይሰጥ ቤት ደስ አይለኝም።

ለመጀመሪያው ሳምንት አታሳጥቢው። ከዚያ በኋላ ትልቁ ጠላትሽ ላቫጆ ነው። የግፊት ውሃውን ከጠርዙ ጋ አስጠግተው ከለቀቁት የትኛውም ፊልም ይነሳል፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይራቁ፣ ጠርዙ ላይ በአግድም አይርጩ። ኦሞ አይሆንም፣ ናፍጣ የነካው ጨርቅ አይሆንም። የራስሽን ሁለት ማይክሮፋይበር ጨርቅ መኪናው ውስጥ ያዢና «በዚህ» ብለሽ ስጫቸው፣ ይስቁብሽ፣ ግድ የለም። የወፍ ኩስ በማግስቱ ሳይሆን በዕለቱ አስለቅቂው። አቧራ ያለበት መኪና ላይ ሸራ መጎተትም ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ፊልም ባለበትም ቢሆን።

ሲሸጥ ይነሳል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይነሳል። በሙቀት እየተለሳለሰ፣ ቀስ ተብሎ፣ ዝቅ ባለ አንግል ወደ ኋላ እየተሳበ። ጥሩ ቲፒዩ በዕድሜው ውስጥ ከተነሳ የፋብሪካ ቀለሙን እንደነበረ ትቶት ይሄዳል። ዕድሜው ካለፈ በኋላ «አሁንም ደህና ነው» ተብሎ ከተተወ ግን ማንሳቱ ከመለጠፉ የከፋ ሥራ ይሆናል። ተቀብቷል የተባለ ፓኔል ካለሽ ወይ እዚያ ላይ ፊልም አታስለጥፊ ወይ ሲነሳ ቀለም ሊመጣ እንደሚችል አውቀሽ አስለጥፊ።

ዋስትና ይሰጡሻል። ለጥሩዎቹ ፊልሞች አምራቾቹ እስከ 10 ዓመት ይሰጣሉ፣ ግን የሚሸፍነው ቢጫ መሆንን፣ መሰንጠቅን፣ መላጥን ነው። ጠጠር የበሳውን አይደለም። ቃል ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ የፊልሙ ስም፣ የጥቅሉ ቁጥር፣ የተለጠፉት ፓኔሎች ዝርዝር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ያንን ደረሰኝ ኮፒ አድርገሽ ለኢንሹራንስሽም አስገቢ፣ መኪናው ላይ ፊልም እንዳለ ውሉ ውስጥ እንዲገባልሽ ጠይቂ። አለዚያ አንድ ቀን ፓራፋንጎሽ ተገጭቶ ፕሮፎርማ ስትሰበስቢ የቀለሙን ሒሳብ ይዘውልሽ የፊልሙን «ይሄ ምንድነው» ይሉሻል።